የሁዳዴ ወተት

እትዬ አለሚቱ የተገኙት በራሳቸው መኝታ ቤት ሳይሆን በተከራያቸው በቲያሚኬ ክፍል፣ ወለሉ ላይ በግንባራቸው ተደፍተው ነበር። ያገኘቻቸውም ራሷ ቲያሚኬ ናት፤ ከፈተና ተመልሳ፣ የኮዬ ፈጬን ኮንዶሚኒየም ደረጃ እስከ አራተኛ ፎቅ ወጥታ፣ በሩን ስትከፍት። ጮኸች ይላሉ ጎረቤቶች። እሷ ግን መጮኋን አታስታውስም። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሁለመናዋ ብዙ እንደተቀመጡበት እግር ደንዝዟል።

ቲያሚኬ ምህንድስና ልትማር ከማላዊ ከመጣች ሁለተኛ ዓመቷ ነው። ታክሲ ውስጥ ድምፅን ከፍ አድርጎ «ወራጅ አለ» ማለትን፣ ውሃ በመጣ ቀን ጀሪካን ይዞ ቀድሞ መሰለፍን፣ የአገሩን ሰዓት አቆጣጠር ያስተማሯት እትዬ አለሚቱ ናቸው። ሲጠሯት «ልጄ» ነበር የሚሏት። በሰው አገር «ልጄ» የሚል ሰው ያገኘ ተማሪ ግማሹን ዲግሪ ይዟል ማለት ነው። አሁን ያ ሰው የለም።

ቀብሩ ካለፈ በኋላ ኢንስፔክተር እታገኝ መጣች። አጭር፣ ቁጥብ፣ ስታናግር ዓይኗን ከሰው ፊት የማትነቅል ሴት ናት። ሳሎን ተቀመጠችና መጀመሪያ የጠራችው ቲያሚኬን ነው።

«ክፍልሽ ያለው ድስት ውስጥ የነበረው ወተት የማን ነው?»

«የኔ ነው። ጠዋት አፍልቼ ወደ ካምፓስ ሄድኩ።»

«የአይጥ መርዝ ተገኝቶበታል። ሟቿ የጠጡበት ኩባያም ላይ። ካንቺ ጋር ወተት ይጠጡ ነበር?»

ዝም አይነቅዝም የሚለውን ተረት ለቲያሚኬ የነገሯት ራሳቸው እትዬ አለሚቱ ነበሩ።

«ወተቱ የኔ ነው» አለች ደግማ።

«ስሚኝ፣ ሌላ የምትጨምሪው ከሌለ ዛሬ የምታድሪው ጣቢያ ነው። ትምህርቱም የመኖሪያ ፈቃዱም እዚያው ላይ ያበቃል። ገብቶሻል?»

ገብቷታል። መፍራት እንዳለባትም ታውቃለች፤ ፍርሃቱ ግን አልመጣላትም። «ወተቱ የኔ ነው።»

«ደህና። ክፍልሽ ግቢ፤ በሩን ግን እንዳትዘጊው።»

አልጋዋ ጫፍ ላይ ሆና የሳሎኑን ንግግር ሁሉ ሰማች። ቀድማ የገባችው ታች ሱቅ ያላት የስልጤዋ ሐጀራ ናት።

«ወተቱን የሸጥሽላት አንቺ ነሽ?»

«አዎ፣ የላስቲክ ወተት። ለልጅቷ።»

«እትዬ አለሚቱ የሞቱት መርዝ ያለበት ያንን ወተት ጠጥተው ነው።»

«አለሚቱ? በሁዳዴ? ወላሂ ውሸት ነው! እኔ ሙስሊሟ እንኳ ጾማችሁ መግባቱን የማውቀው የሷን ፊት አይቼ ነው።»

ቀጥሎ ፊት ለፊት የሚኖሩት የእድሩ ዳኛ ጋሽ ኩምሳ ገቡ። መርማሪዋ ያንኑ ነገር ነገረቻቸው። ሽማግሌው አማተቡ።

«የጽዋ ማኅበራችን ሙሴ፣ መሪያችን ሆና ወተት? የኔ ልጅ፣ ሌላ ምክንያት ፈልጊ። ይልቅ ያቺ የውጭ አገር ልጅ ትጠየቅ።»

መጨረሻ ላይ የገባው የሟቿ የእህት ልጅ ሉቃስ ነው፤ ቃሊቲ የእህል መጋዘን ውስጥ እየሠራ ሳሎኑ ሶፋ ላይ ያድራል።

«አክስትህ የሞቱት መርዝ ያለበት ወተት ጠጥተው ነው።»

«ማን ነው የጨመረበት?» አለ ሉቃስ ወዲያው። «ልጅቷ ናታ! ሌላ ማን ሊሆን ይችላል?»

መርማሪዋ «በቃኝ» ብላ ወጣች። ከሰዓት በኋላ ተመልሳ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበች። በር ላይ ፖሊስ ቆሟል፤ ኮሪደሩን ጎረቤት ሞልቶታል።

«መርዙ ድስቱ ውስጥ እንጂ ላስቲኩ ላይ የለም፤ ስለዚህ ከሐጀራ ሱቅ አልመጣም» ብላ ጀመረች። «ጋሽ ኩምሳ የዚህ ቤት ቁልፍ የላቸውም። ከሟቿ ሌላ ቁልፍ ያላቸው ቲያሚኬና ሉቃስ ናቸው።»

«ለልጅቷ ታስቦ ቢሆንስ?» አለች ሐጀራ።

«እሱንም አስቤዋለሁ። በጾም ወተት የምትጠጣው ተማሪዋ ብቻ ናት ብሎ የሚያምን ሰው፣ እትዬ አለሚቱ ጠጡ ሲባል ይደነግጣል። አንቺ ማልሽ። ጋሽ ኩምሳ አማተቡ። ሉቃስ ግን አብሯቸው ስንት ሁዳዴ የጾመ ልጅ ሆኖ፣ ጾሙ መሻሩ አልገረመውም።»

«አክስቴ ሞታ ስለ ጾም ላስብ?» አለ ሉቃስ።

«እኔም እንዲህ ብዬ ነበር ያለፍኩት። ለማንኛውም ብዬ መጋዘናችሁ ሄድኩ። ለቤታችን አይጥ ብለህ መርዝ ወስደሃል። ጋሽ ኩምሳ፣ እዚህ ፎቅ ላይ አይጥ አይተው ያውቃሉ?»

«አይጥ? ይህን ደረጃ የት ችላው!»

ሉቃስ ብድግ አለ። «ልጅቷስ? እሷም እኮ አክስቴ መጠጣቷን ታውቃለች!»

ኢንስፔክተር እታገኝ ወደ እሱ ዞረች። «ቲያሚኬ ማወቋን ማን ነገረህ? ለእኔ እንኳ አልነገረችኝም። ጥፋተኛ ብትሆን ጥርጣሬውን ከራሷ ለማራቅ ለእኔ ታስቦ ነው ማለትን ነበር የምታስቀድመው፤ እሷ ግን ወተቱ የኔ ነው እያለች ገመዱን በገዛ አንገቷ አስገባች።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሉቃስ ሶፋው ላይ ተዘረፈጠ።

«ቤቱን ለገዳም ልትሰጥ ነበር» አለ። «እኔን ሜዳ ላይ ጥላ! ቀን ጾም አትሽር እያለች ትቆጣኛለች፤ ሲመሽ ልጅቷ ክፍል ተደብቃ ወተት ትጠጣለች። በሩ ጋ ቆሜ ሰምቻቸዋለሁ። ያን ቀን ልጅቷ እንደማትኖርም አውቅ ነበር።»

ፖሊሱ ይዞት ወጣ። በሩም ከኋላቸው ተዘጋ።

«እውነት ጠጥታለች?» አሉ ጋሽ ኩምሳ።

ቲያሚኬ አንገቷን ደፋች። አሁን መደበቁ ዋጋ አልነበረውም። «ሐኪም ነው ያዘዛቸው፤ ለጨጓራቸው። የንስሐ አባታቸውን ፍቀዱልኝ ለማለት እንኳ አፈሩ። እያለቀሱ ነበር የሚጠጡት። ለማንም እንዳልናገር አስማሉኝ።»

«ልትታሰሪ ነበር እኮ!» አለች ሐጀራ።

«አውቃለሁ።»

እንዲያ ስትል ድምፅዋ የሰው ጉዳይ የምታወራ ይመስል ነበር። ነፃ መውጣቷም አልተሰማትም። የተሰማት ነገር ቢኖር የማለችውን መሐላ ማፍረሷ ብቻ ነው።

ጋሽ ኩምሳ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡና በሩን ከፈቱ። ኮሪደሩ ላይ የማኅበሩ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል።

«ጋሽ ኩምሳ» አለች ከመካከላቸው አደሴ የምትባለው፣ «መርዙን ምን ውስጥ ነው የጨመረባቸው?»

ሽማግሌው ወደ ኋላ ዞረው ቲያሚኬን አዩዋት። በእድር ሸንጎ ላይ ሰውን ዋሸ ብለው ሲቀጡ የኖሩ ሰው ናቸው።

«ሽሮው ውስጥ» አሉ። «የጾም ሽሮዋን ልትበላ ስትል።»

ሴቶቹ ደረታቸውን ይደቁ ጀመር። ኢንስፔክተር እታገኝ ሰምታለች፤ አላረመችም። ቲያሚኬም ያኔ ማልቀስ ጀመረች።