ያፈጠጠው ፖስተር

«አንድም ሰው የለም?» አለች ፒክስል፣ የትምህርት ቤት ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ።

አልነበረም። የዓይን ክሊኒኩ አግዳሚ ወንበሮች ባዶ ናቸው፤ የጽዳት ሠራተኛዋ ብቻ ወለሉን ይወለውላሉ። ነርስ የሆነችው አክስቷ መዝገቡን ገልጣ አሳየቻት። ለልጆች ነፃ ምርመራ ከተጀመረ ሁለተኛ ቀኑ ነው። የመጡት ሦስት ልጆች ሲሆኑ፣ ሁለቱ የአክስቷ የገዛ ልጆች ናቸው። ከሌላ ከተማ የመጣችው ሐኪም ደግሞ ነገ ማታ ከዚህ ትሄዳለች።

በሩ ላይ የተለጠፈውን የምርመራ ማስታወቂያ የሠራችው ከኮምፒውተር አትነቀልም ተብላ «ፒክስል» የተባለችው ይህችው የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ናት። ጥቁር መደብ፣ መሐሉ ላይ አንድ ግዙፍ ዓይን፣ ከሥሩ አንድ መስመር ቀጭን ጽሑፍ። የሥዕል አስተማሪዋ «ዘመናዊ ነው!» ካላት ወዲህ እግሯ መሬት አልነካም።

«ምናልባት ሰው አላየው ይሆናላ።»

«አይተውታል» አለች አክስቷ።

ፒክስል ወደ በሩ ወጣች። አንዲት እናት ልጇን ይዛ ስትመጣ፣ ፖስተሩ ዘንድ ስትደርስ የልጁን ፊት ወደ ቀሚሷ አዙራ መንገዱን ተሻገረች። ፒክስል ተመልሳ የጽዳት ሠራተኛዋ አጠገብ ቆመች።

«እትዬ፣ ፖስተሩ እንዴት ነው?»

«እውነቱን ልንገርሽ ወይስ ላስደስትሽ?»

«እውነቱን።»

«ያፈጥብኛል። ጠዋት ስገባ ‹ምን አጠፋሁ?› እላለሁ። ሰው እንዲያ እየተቆጡት ልጁን ይዞ ይመጣል እንዴ?»

«አልገባዎትም» የሚለው ምላሷ ጫፍ ደርሶ ነበር፤ እንደምንም ዋጠችው። «እና ምን ቢያዩ ይመጡ ነበር?»

ሴትዮዋ መወልወያቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ። «የኔ ትንሹ ሰሌዳ አይታየውም ነበር። አስተማሪው ሰነፍ አለው፤ እኔም አብሬ ሰነፍ አልኩት፣ አፌን በቆረጠው! መነጽር ያደረገ ቀን መጀመሪያ ያየው እኔን ነው። ‹እማዬ፣ ግንባርሽ ላይ ጠባሳ አለ እንዴ?› አለኝ። ስምንት ዓመት አብሮኝ ኖሮ!» እየሳቁ ዓይናቸውን በእጃቸው ጀርባ ጠረጉ።

ያ ዓይን አሥር ቀን ፈጅቶባታል። ቢሆንም በገዛ እጇ ከበሩ ላይ ገነጠለችው። ወዲያውም ላፕቶፗን አግዳሚው ላይ ከፈተች፤ ሴትዮዋም ከኋላዋ ቆመው ያርሟት ጀመር። «የእናትየዋን ፊት አትቁረጪው፣ ሙሉ ይሁን። ደሞ ትሳቅ እንጂ!» በአዲሱ ፖስተር ላይ መነጽር ያደረገ ልጅ የእናቱን ፊት በሁለት እጁ ይዞ አተኩሮ ያያታል፤ ከላይ በደማቅ ቀለም «እስኪ ልይሽ!» ይላል። ሳይመሽ ታትሞ ተለጠፈ።

በማግሥቱ ቅዳሜ ወንበሩ ሞልቶ እናቶች ደረጃው ላይ ተቀመጡ፤ ሐኪሟ ምሳዋን የበላችው ቆማ ነው። ፒክስል ሕፃናቱን ስታይ ምስጋና ልቧን ሞላው። እትዬን ባትጠይቃቸው ኖሮ ይሄ ሁሉ ልጅ ቤቱ ይቀር ነበር። እንዴት ብላ እንደምትነግራቸው ግን ጠፋባት።

ወደ ማታ ሐኪሟ ለሚቀጥለው ከተማ አርባ ቅጂ አዘዘች። ማተሚያ ቤቱ ለፒክስል ደወለ። «ታች ‹ዲዛይን› የሚለው ጋ ያንቺን ስም ልጻፍ አይደል?»

«ቆይ፣ አንዴ» አለች። ዓመት ሙሉ ወደ አክስቷ ክሊኒክ ስትመላለስ «እትዬ» ከማለት በቀር ስማቸውን ጠይቃ እንደማታውቅ ገባት። ስልኩን በእጇ ሸፍና መወልወያቸውን ወደሚጨምቁበት ሄደች።

«እትዬ፣ ሙሉ ስምዎትን ይንገሩኝ።»

«ለምኑ ነው ደግሞ?»

«ከኔ ስም በፊት ሊጻፍ ነው።»