የአባ አግማስ ድምፅ

የደሴው ሆጤ ሠፈር ሰው፣ አባ አግማስ ሲጣሩ የያዘውን ጥሎ ይወጣል። እኒህ ሽማግሌ የቅሬው ጠሪ ናቸው። ቅሬ፣ እስላም ክርስቲያን ሳይል ሠፈሩን ሁሉ የሚያቀባብር ማኅበር ነው። እሳቸው ዳገቱ ላይ ቆመው “የቅሬ ሰው ስማ!” ካሉ ነጋዴው ሱቁን ይዘጋል፣ አናጢው መጋዙን ያስቀምጣል። “ማን ሞተ?” ይባላል እንጂ “እውነት ነው ወይ?” ብሎ የጠየቀ የለም።

ታዲያ በአንድ ክረምት የደሴ ጉም ጉሮሯቸውን ያዘውና ድምፃቸው ተዘጋ። ሞባይል የሚጠግነው ዘይኑልአቢዲን አዘነላቸው። በየስልኩ የተቀዳውን ጥሪያቸውን ለቃቅሞ ለአንድ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራም አስጠናው። ፕሮግራሙም የተጻፈለትን ሁሉ፣ ትንፋሽ አወሳሰዳቸው እንኳ ሳይቀር፣ በእሳቸው ድምፅ ይናገር ጀመር። ልጁ ያንን በቅሬው የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለቀቀው፤ የፈለገ ሁሉ እንዲጽፍበት።

“አባ አግማስን አስፈቅደሃል?” አለችው አክስቱ ራሂማ።

“ለእሳቸው ብዬ እኮ ነው የሠራሁት።”

“ለእሳቸው ብለህ ከሆነማ መጠየቅ ምን ከበደህ! ደግሞ ለሁሉም ክፍት ነው ትላለህ። የሰው ድምፅ እኮ ያለፈ ያገደመ የሚከፍተው የቦኖ ውኃ አይደለም።”

“የከለከለ ሕግ የለማ፣ አክስቴ! መንግሥት ሕግ ሲያወጣ ያኔ እዘጋዋለሁ።”

“ወይ ልጅ! ሕጉ እስኪደርስ ህሊናህ የት ሊቆይ ነው?”

ሳቀና ወደ ሥራው ተመለሰ።

አንድ ማለዳ ከየስልኩ የአባ አግማስ ድምፅ ወጣ፤ “የቅሬ ሰው ስማ! ጨርቅ ነጋዴው ሐጂ ጀማሉዲን ወደ አኼራ ሄደዋል!” ሠፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ልጃቸው ሀስና ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት በሚኒባስ እየጮኸች መጣች። ድንኳን ተካዮቹ በሩን ሲያንኳኩ ሐጂ ጀማሉዲን መፋቂያቸውን እንደነከሱ ብቅ አሉ።

“አሰላሙ አለይኩም። ምነው በጧቱ? ማን ሞቶ ነው?”

አንዱ መሬት መሬት እያየ፣ “እርስዎ” አላቸው።

“እኔ? ኧረ ቁርሴን እንኳ አልቀመስኩም!”

ሰው በሳቅ ፈነዳ። ሀስና ግን አባቷን ስታይ ተዝለፍልፋ ወደቀች። የሳቀው ሁሉ ውኃ ሊያመጣላት ተራወጠ። መልእክቱን የጻፈው የሠፈሩ ቀልደኛ ሞላልኝ ነበር፤ “ለጨዋታ ነው” አለ። ዘይኑልአቢዲንም፣ “እኔ ሠራሁት እንጂ አልዋሸሁበትም” ብሎ ፕሮግራሙን ሳይዘጋ ሱቁ ገባ።

ብዙም ሳይቆይ የሠፈሩ ልጅ የእስከዳር እናት እትዬ ወለተ ማርያም አረፉ። አባ አግማስ ድምፃቸው በመጠኑ ተመልሶላቸው ነበርና ዳገቱ ላይ ወጥተው በገዛ አፋቸው ተጣሩ። ሰው ግን ከቤቱ ሳይወጣ፣ “ሞላልኝ ደግሞ ስፒከር ሰቀለ! ዛሬስ ማንን ሊገድል ነው?” እያለ ተሳሳቀ። ዘይኑልአቢዲን ከሱቁ ደጅ ሽማግሌውን አያቸው። ይጣራሉ፤ የሚወጣ የለም። እንደገና ይጣራሉ። ሱቁን ጥሎ ሮጠ።

ሳጥኑን ከተሸከሙት ጥቂቶች አንዱ እሱ ሆነ። በደንቡ ተሸካሚ ትንሽ እንደተራመደ ሌላው “አምጣ ወንድሜ” ብሎ ይቀበለዋል። ያን ቀን “አምጣ” የሚል ጠፋ። እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ትከሻው ተላጠ። እስከዳር ከኋላ እየተከተለች፣ “የስንቱን ለቅሶ ደርሰሽ፣ ዛሬ ሰው አጣሽ እናቴ” ትላለች። ዞሮ ሊያያት አልቻለም።

ከቀብር መልስ ራሂማ፣ “በሬውን የፈታ ሰው፣ ማሳው ሲበላ ‘የበላው በሬው ነው’ ይላል እንዴ?” አለችው። ስልኩን አውጥቶ ፕሮግራሙን እዚያው ዘጋው። አባ አግማስ እግር ላይ ሊወድቅ ሲጎነበስ ሽማግሌው ብብቱን ይዘው አቀኑት።

“ተው ልጄ። ድምፄን የወሰደው ብርድ ነው፤ እግዜር መለሰልኝ። አንተ የወሰድክብኝ የሰው እምነት ነው። እሱን አንተ መልስልኝ።”

ቅሬው ተሰበሰበ። ሐጂ ጀማሉዲን፣ “ወላሂ፣ ስልክ የሚባል ነገር ከቅሬያችን ይውጣ!” አሉ። ሌላው፣ “ይኼ የመንግሥት ሥራ ነው፤ እንጠብቅ” አለ።

አባ አግማስ ተነሡ። “ቢላዋ እጅ ቆረጠ ተብሎ ሥጋ በጥርስ አይዘለዘልም። ደንብ እናውጣለት።”

ወጣለት። ባለቤቱ ያልፈቀደውን ድምፅ ማንም እንዳይሠራ፣ ማሽን ሲናገርም አስቀድሞ ማሽን መሆኑን እንዲናገር ተስማሙ። ጥፋት ቢደርስ የሠራውም የተጠቀመበትም ይጠየቃል። ሞት ግን በሰው አፍ ብቻ ይጠራል። ሞላልኝም ሀስናን ይቅርታ ጠይቆ መቃብር ቆፋሪ እንዲሆን ተፈረደበት።

በከተማው አዳራሽ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሕግ ረቂቅ የነዋሪው ሐሳብ ሲጠየቅ ዘይኑልአቢዲን ተነሣ። “ሕግ የለም ብዬ ሰው በሽማግሌ ድምፅ ላይ የነበረውን እምነት ያጎደልኩ እኔ ነኝ” ብሎ የሆነውንም የቅሬውንም ደንብ ተናገረ። ሰብሳቢዋ፣ “ይህ ለረቂቁ የሚገባ ሐሳብ ነው” ብለው መዘገቡለት።

ወገኖቼ፣ ሕግ ከላይ ይመጣል፤ መምጣትም አለበት። እስኪመጣ ግን የሠራነውን የምንጠብቅ እኛው ነን።

ጉም በወረደበት አንድ ጧት አባ አግማስ ዳገቱ ላይ ቆመው ተጣሩ። ድምፃቸው ሲሰልልባቸው፣ “የእናቴ ቀን አይደገም” ብላ መጣራት የተማረችው እስከዳር ከጎናቸው ጥሪውን ተቀበለቻቸው። ዘይኑልአቢዲን ሱቁ ደጅ ላይ ቆሞ አዳመጠ። የአናጢው መጋዝ ዝም አለ። አንድ በር ተከፈተ፤ ቀጥሎ ሌላ።

“ማን ሞተ?” አለ አንድ ሰው ከጉሙ ውስጥ፣ ጋቢውን እየደረበ።

ዘይኑልአቢዲን ሱቁን ቆለፈና ተከተለው።