የፔጆዋ ጣሪያ

ጠይብን ሞቶ ያገኘው ፈርሀት ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሶማሌ ተራ ያለውን የጋራ ሱቃቸውን ሲከፍት፣ ሃያ ስምንት ዓመት አብሮት የመኪና ወንበር የሰፋው ጓደኛው በአንዲት አሮጌ ፔጆ የኋላ ወንበር ላይ ተጋድሞ ነበር። አራቱም በሮች ተዘግተዋል፤ መስታወቶቹም እንዲሁ። እግሩ ሥር ክዳኑ የተከፈተ የማስቲሽ ቆርቆሮ ተቀምጧል። በሩን ሲከፍተው የማስቲሹ ሽታ ዓይኑን አስለቀሰው።

«ወይኔ! ራሱን ገደለ!» ብሎ ጮኸ።

አይ መርካቶ! ፈርሀት እንባውን ሳይጠርግ ወሬው አውቶቡስ ተራ ደርሶ ነበር። «በር ዘግቶ፣ ማስቲሽ ከፍቶ ተቀመጠ አሉ» ይባባላል ሰው፤ ያየ ይመስል።

ኢንስፔክተር አዲስዓለም ስትደርስ አስከሬኑን ለምርመራ ወደ ሆስፒታል ላከችው። የሟች ሚስት ካሚላ ክንዷን ያዘቻት።

«ልጄ፣ ባሌ ራሱን አያጠፋም። እንዲህ እየተባለ ማን ይሰግድበታል? ሰው ሳይሰግድበት ሊቀበርብኝ ነው!»

«እትዬ ካሚላ፣ እስከ አሱር ሶላት ጊዜ ይስጡኝ።»

ካሚላ እጇን ለቀቀቻት። አዲስዓለም ቃል መግባት የማትወድ ሴት ናት፤ አሁን ግን የገባች ያህል ከበዳት። ፔጆዋ ውስጥ ገብታ በጀርባዋ ተኛችና ወደ ላይ አየች። ጣሪያው አዲስ ግራጫ ጨርቅ ለብሷል። ጨርቁ ከፊት ተወጥሮ ወደ ኋላ ሲሄድ ተጨማዷል፤ መሀሉ ላይ ማስቲሹ ዘልቆ ቡናማ ነጠብጣብ ሠርቷል።

ፈርሀትን ጠራችው። «ራሱን ገደለ ያሉት ለምንድን ነው?»

«ትናንት ተጣላን። ‹እጅህ መንቀጥቀጥ ጀምሯል፣ መርፌውን አስቀምጠው› አልኩት። አሱር ላይ ጥዬው ወጣሁ። እኔ ነኝ የገደልኩት።»

«ጣሪያው ያኔ ለብሶ ነበር?»

«ኧረ የለም፣ አሮጌውን ሊገነጥል እየጀመረ ነበር።»

«ጣሪያ እንዴት ነው የሚለበሰው?»

ፈርሀት ግራ ገብቶት አያት። «ማስቲሹ ብረቱም ጨርቁም ላይ ይቀባል። ከዚያ በሩን ሁሉ ከፍተሽ ትጠብቂያለሽ። የጣትሽን ጀርባ መያዝ ሲተው ከመሀል ጀምረሽ ወደ ዳር ታለብሻለሽ።»

«አናት ላይ አይንጠባጠብም?»

«ያለ ኮፍያማ ማን ሊገባበት! ማስቲሽ ጸጉር ከያዘ ከመቀስ በቀር መላ የለውም።»

ቀጥሎ የመጡት መኪናዋን ሊገዙ የነበሩት ጡረተኛ መምህር ሀብተ ወልድ ናቸው።

«ጋሼ፣ ጣሪያው ይታደስ ያለው ማነው?»

«እኔ ነኝ። ጨርቁ ተንጠልጥሎ አናቴን ይነካኛል። ሻጩ ናሆም ‹ከገዙ በኋላ ያሳድሱት› ቢለኝም ሳይታደስ አልወስድም አልኩ። ስም ልናዛውር የተቀጣጠርነው ለነገ ነበር።»

ናሆም የሠፈሩ የታወቀ የመኪና ደላላ ነው። ግንባሩ በፀሐይ ጠቁሯል፤ አናቱ ግን ገና ዛሬ የተላጨ ስለሆነ ነጣ ብሏል።

«ጸጉርህን መቼ ተላጨህ?»

«መርዶውን እንደሰማሁ፣ ሦስት ሰዓት ገደማ። ጋሽ ጠይብ እኮ እንደ አባቴ ነበሩ።»

«ስልካቸው ላይ እንዳየሁት፣ ትናንት አመሻሽ ላይ ደውለውልህ ነበር።»

«ስለ ጨርቁ ቀለም ሊጠይቁኝ ነው።»

ስልኳ ጠራ። ሐኪሙ ነበር። ጥቂት አዳምጣ ዘጋችና ሦስት ሱቅ አልፎ ወዳለው ጸጉር ቤት ሄደች።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉም ሱቁ ውስጥ ቆሙ። ደጁ በሰው ተሞልቷል። ካሚላ ወንበር ቢሰጧትም አልቀመጥ አለች።

«ጋሽ ጠይብን ማስቲሽ አልገደላቸውም» አለች አዲስዓለም። «ሐኪሙ ጉሮሯቸው ውስጥ የእስፖንጅ ቁራጭ አግኝቷል። አንድ ሰው የወንበር እስፖንጅ ፊታቸው ላይ ተጭኖ አፍኗቸዋል። ማስቲሹን የከፈተውም በሩን የዘጋውም እሱ ነው።»

ካሚላ ግድግዳውን ተደገፈች።

«ይኸው ሰው ጣሪያውንም አልብሷል። እርጥቡን ነው የለጠፈው፤ ስለዚህ ጨርቁን ዘለቀው። ከመሀል ሳይሆን ከዳር ጀመረ፤ ስለዚህ ተጨማደደ። ይህን ስህተት ጋሽ ጠይብም ፈርሀትም ዓይናቸውን ጨፍነው እንኳ አይሠሩትም።»

ፈርሀት ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ። ከጠዋት ጀምሮ ጣሪያውን አላየውም ነበር።

«ሙያውን የማያውቅ ሰው አስከሬን አጠገብ ለምን ጣሪያ ያለብሳል? የሚሸፍነው ነገር ቢኖረው ነው።» የጨርቁን ጫፍ ይዛ ሳበችው። ብረቱ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ ወፍራም የብየዳ መስመር ታየ። «ጋሼ ሀብተ ወልድ፣ ሊገዙ የነበረው ሁለት የተጋጨ መኪና ተቆርጦ የተጋጠመ ነው።»

«አንተ!» አሉ ሀብተ ወልድ። «የልጅ ልጆቼን ልጭንበት?»

«እኔ ምን አውቃለሁ! እኔም ገዝቼ ነው!» አለ ናሆም።

«አናትህን የተላጨኸው ለሐዘን አይደለም» አለች አዲስዓለም። «ያለ ኮፍያ ገብተህ ማስቲሹ ጸጉርህን ያዘው። ዘከሪያ፣ ናሆም ሊላጭ ስንት ሰዓት መጣ?»

ጸጉር አስተካካዩ ዘከሪያ ጉሮሮውን ጠረገ። «ገና ሱቅ ስከፍት፣ አንድ ሰዓት ላይ። መሀል አናቱ ተጣብቆ ደርቋል። ‹በፍጥነት ላጨኝ› አለኝ። ጸጉሩ ገና ከቆሻሻ መጣያዬ አልወጣም።»

«ለሐዘን ተላጨሁ ብለሃል። ፈርሀት ይህን በር የከፈተው ሁለት ሰዓት ላይ ነው። አንድ ሰዓት ላይ ለማን ነበር ያዘንከው?»

ናሆም ወደ በሩ አየ። ደጁ በሰው እንደተዘጋ ሲያይ ወደ አዲስዓለም ዞረ።

«ለመንኳቸው እኮ! ‹ዝም ይበሉ፣ ሰውዬው አያውቅም› አልኳቸው። ‹ሽማግሌው ልጆች ይጭንባታል፣ ካልነገርከው እኔ እነግረዋለሁ› አሉኝ።»

ሁለት ፖሊሶች ይዘውት ወጡ። አዲስዓለም ደጁ ላይ ቆማ፣ ጋሽ ጠይብ ራሳቸውን እንዳላጠፉና ለሰው ሕይወት ሲሉ እንደተገደሉ ጮክ ብላ ተናገረች። በግራ በኩል አንዱ ሱቁን ዘጋ። ቀጥሎ ሌላው ዘጋ። ሰዎች ካሚላን እያጽናኑ ወደ መስጊዱ ማምራት ጀመሩ።

ፈርሀት ብቻ ከመኪናዋ አጠገብ አልተንቀሳቀሰም። ካሚላ ወደ እሱ ሄደች።

«ጀናዛውን አንተ ነህ የምታጥበው» አለችው።

«እኔ? ካሚላ፣ ራሱን ገደለ ብዬ ያስወራሁት እኮ እኔ ነኝ። የመጨረሻ ቃሌም ስድብ ነበር።»

«ማታ ሥራ ይዞኛል፣ እዚሁ አድራለሁ ሊለኝ ደውሎልኝ ነበር። ‹ፈርሀት እውነቱን ነው፣ እጄ ደክሟል፤ ከነገ ጀምሮ መርፌውን ለእሱ እተዋለሁ› አለኝ። እየሳቀ ነበር።»

ፈርሀት ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ አለቀሰ። ከዚያ እጅጌውን ሰብስቦ ተከተላት።