የሶፋሊያ መርዶ

«ኢቅራ! ከኢንተርኔቱ ውረጂ፣ ስልክ ልደውል ነው!»

አባቷ ባህሩዲን ከሳሎን ነው የሚጮኸው። ብሩክሊን ሴንተር ያለው አፓርታማቸው አንድ የስልክ መስመር ብቻ ነው ያለው። እሷ ኢንተርኔት ላይ ከሆነች ስልክ የለም።

«ዋን ሚኒት፣ አባዬ!»

«ያንቺ ዋን ሚኒት ዒድ ያደርሳል!»

ኢቅራ ዓይኗን ከኮምፒውተሩ አልነቀለችም። ጊዜው በፈረንጆቹ 2001 ነው፤ ትናንት ዓለምን እንገዛለን ሲሉ የነበሩ የኢንተርኔት ኩባንያዎች እንደ ዝንብ የሚረግፉበት ዓመት። እሷ የምትጽፍበት ድረ ገጽ ደግሞ ሥራው በሞቱት መሳቅ ነው። ኩባንያ በከሰረ ቁጥር የቀብር ማስታወቂያ ይወጣለታል። «የውሻ ሹራብ በኢንተርኔት ይሸጥ የነበረው ድርጅት በተወለደ በዘጠኝ ወሩ ስላረፈ፣ ለቅሶ ደራሽ ሁሉ አንዳንድ የቢሮ ወንበር ይዞ መሄድ ይችላል።» ይህ የእሷ ነው። የብዕር ስሟ «መርዶ ነጋሪ» ነው፤ በላቲን ፊደል ስለምትጽፈው ለግማሹ አንባቢ የኖርዌይ ሽማግሌ ትመስለዋለች።

አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ትምህርት ቤት ምሳዋን ብቻዋን ነው የምትበላው፤ ከመስከረም ወዲህ ስሟን የጠራ ሰው ቢኖር መምህሯ ናቸው፣ እሳቸውም ቀሪ ሲቆጣጠሩ። ድረ ገጹ ላይ ግን ሁለት ቀን ከዘገየች «ሽማግሌው የት ጠፋ?» ይላሉ። ሽማግሌ ቢሏትም የሚፈልጉት እሷን ነው።

አዘጋጁ አሁን የላከላት መልእክት እንዲህ ይላል፦ «ሶፋሊያ ዓርብ ይዘጋል። ለሠራተኞቹ የተጻፈው የመዝጊያ ደብዳቤ ሾልኮ ደርሶናል፣ አያይዤዋለሁ። አንተ እዚያው አካባቢ ነህ፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጻፍልን። የፊት ገጹ ያንተ ነው። እስኪወጣ ለማንም ትንፍሽ እንዳትል።»

ሶፋሊያ ሶፋ በኢንተርኔት እየሸጠ እስከ አላስካ በነጻ የሚያደርስ ኩባንያ ነው። ከዚህ በላይ ለቀልድ የተመቸ የት ይገኛል? መጋዘኑ ከእነሱ ቤት ብዙም ሳይርቅ ፕሊማውዝ ነው። አባቷ እዚያ የሶፋ ማንሻውን ፎርክሊፍት ድራይቭ ያደርጋል።

እጇ ግን ቀድሟት ሁለት መስመር ጽፎ ነበር። የከፋው ደግሞ መስመሮቹ ማሳቃቸው ነው።

ባህሩዲን የሶፋሊያን ኮፍያ እንዳደረገ በሩን ገፋ። «እኔኮ ዱጋሳ ጋ ልደውል ነው። አለቃዬ ‹ሰው ካለህ አምጣ› ብሎኛል። ነገ ጠዋት የፓርኪንግ ሥራውን ኩዊት ያድርግና ሰኞ እኛ ጋ ይጀምር።»

«ኩዊት? ሥራውን ሊለቅ?» አለች። ዱጋሳ የአባቷ የቅርብ ጓደኛ ነው።

«ታዲያ! ዕድሜ ልኩን ስኔሊንግ ጎዳና ላይ መኪና ሲያቆም ሊኖር ነው? ሶፋ ላይ ተኝተህ ትሠራለህ አልኩት» ብሎ በራሱ ቀልድ ስቆ ወጣ።

አምና የጎረቤታቸው የወይዘሮ የሺሀረግ ወንድም ደሴ ከተማ ውስጥ ሲያርፍ፣ ሕንፃው ውስጥ ያለ ሐበሻ ሁሉ ሐሙስ ሰማ። መርዶው ቅዳሜ ማለዳ ሽማግሌ ተሰብስቦ እስኪነገር፣ ሁለት ቀን ሙሉ ሁሉም አፉን ያዘ። እሳቸው ግን በኮሪደሩ እየሳቁ «ምነው ሰሞኑን ደግ ሆናችሁብኝ?» ይሉ ነበር። ኢቅራ ቀና ብላ ልታያቸው አልቻለችም።

ያኔ ምስጢሩን የያዘው ሕንፃው ሙሉ ነው። ዛሬ እሷ ብቻ ናት። ሽማግሌ አትሰበስብ፣ ቅዳሜን አትጠብቅ። ደግሞ አባቷ «ከየት ሰማሽ?» ይላታል። ሰው ሥራ ባጣ ቁጥር ከሚሳቅበት ቦታ ልትለው ነው?

«አለህ? ሠላሳ ደቂቃ ቀረን» ብሎ ጻፈ አዘጋጁ።

ሁለቱን መስመሮች አጠፋች። «ሌላ ሰው ፈልጉ። አባቴ እዚያ ነው የሚሠራው፤ ልነግረው ነው» ብላ ላከች።

መልሱ ወዲያው መጣ። «ምስጢር ካልቻልክ እዚህ ቦታ የለህም።»

ትንሽ ቆየች። ሌላ ነገር ይጨምር እንደሆነ ብላ ነበር። አልጨመረም። ደብዳቤውን አትማ መስመሩን አቋረጠች።

ሳሎን ስትደርስ አባቷ ቁጥሩን እየመታ ነበር። በጣቷ የስልኩን መዝጊያ ተጫነችው።

«አንቺ! ምን ሆነሻል?»

«አባዬ፣ ዱጋሳ ይቆይ» አለችና ከጎኑ ተቀመጠች። ያተመችውን ደብዳቤ በሁለት እጇ ያዘችውና ከላይ፣ ከቀኑ ጀምራ ታነብለት ጀመር።