የታጠበው ገብስ

የገብስ ተመራማሪው የሀብተ ሥላሴ ሬሳ ከእህል ጉድጓድ በገመድ ተጎትቶ ሲወጣ፣ ባለጉድጓዷ አልጣሽ በሁለት ፖሊሶች መሃል ቆማ ነበር። ኢንስፔክተር ዳግማዊት ከላሊበላ ሙጃ ስትደርስም አንገቷን አልደፋችም።

«እሰሩኝ። ያላደረግሁትን አደረግሁ ግን አልልም።»

ዳግማዊት ፖሊሶቹን ገለል አድርጋ ስለ ጉድጓዱ ጠየቀቻት። ታሽጎ የከረመ ጉድጓድ አየሩ ሰው ይገድላል አለች አልጣሽ። መጀመሪያ ተከፍቶ ይቆያል፤ ከዚያ የሚነድ ችቦ በገመድ ይወርዳል፤ እሳቱ ከጠፋ ማንም አይገባም። ሀብተ ሥላሴም እዚሁ ላስታ፣ ነአኩቶ ለአብ ያደገ የገበሬ ልጅ ነው፤ ይህን ከእሷ እኩል ያውቃል።

«ታዲያ ምን አስገባው?»

«የሰው ቃል ነዋ።»

የምርምሩ ኃላፊ ዶክተር እንግዳው ግን ጣቱን የቀሰረው በእሷ ላይ ነው። የብረት ማዕድኑ የበዛውን አዲስ ገብስ ስምንት ዓመት ደክሞ አውጥቷል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ለላስታ ገበሬ ሊታደል ነው። አልጣሽ ደግሞ ከነባሩ አይሻልም እያለች ገበሬውን ታሳድማለች።

«ጉድጓዱን ትናንት ከቀትር ጀምሮ ከፍታው ክፍት አደረ። አየሩ ወጥቷል ብላ አታለለችው» አለ።

«ክፍት ማደሩን አይተዋል?»

«በዓይኔ።»

የዶክተሩ ሾፌር ሐምዳን እስከ ጉልበቱ ጭቃ ለብሷል። ሌሊቱን ዝናብ ከበረዶ ጋር ሲወርድ አድሮ መኪናዋ ተቀርቅራለች። ዶክተሩ ሀብተ ሥላሴን ልቀበል ብሎ በማለዳ ወደ አልጣሽ ግቢ በእግሩ ሲሄድ፣ እሱ ከሰፈሩ ሰው ጋር ሲገፋ አረፈደ።

«ወላሂ፣ ለሚስቴ እንኳ እንዲህ አጎንብሼ አላውቅም» አለ።

ዳግማዊት ጉድጓዱ አፍ ላይ ተንበረከከችና ከክዳኑ ሥር ዙሪያውን የተጎዘጎዘውን ጭድ መዝዛ በመዳፏ አሸችው። ቀጥላ የሟቹን ቦርሳ ፈተሸች። ከዚያ ሦስቱንም ግቢው ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ጭዱ ደረቅ ነው» አለች። «ጉድጓዱ ክፍት ቢያድር ኖሮ በዚያ ዝናብ ይበሰብስ ነበር። ስለዚህ የተከፈተው ዛሬ ጠዋት ነው። ጠዋት እትዬ አልጣሽ ወፍጮ ቤት ነበሩ፤ ባለወፍጮው መስክሯል። ለዚህ ነው ዶክተር፣ ነገሩን ወደ ትናንት የገፉት። ሐምዳንንም ሰፈሩ ሁሉ አይቶታል። እዚህ የነበሩት እርስዎ ብቻ ነዎት። የላስታ ሰው ችቦ ሳያወርድ የሚገባው፣ አለቃው አውርጄ አይቻለሁ ካለው ነው።»

«ምን አድርጎኝ?»

ከሟቹ ቦርሳ ያወጣቻቸውን ሦስት የወረቀት ከረጢቶች ፊቱ አስቀመጠች። ሁለቱ ውስጥ ያው አዲሱ ገብስ ነው፤ አንዱ «እንዳለ»፣ ሌላው «ታጥቦ» ተብሎ ተጽፎበታል፤ የላቦራቶሪ ውጤትም ተያይዟል። የታጠበው ብረቱ ከነባሩ ገብስ እኩል ሆኗል። ሦስተኛው ባዶ ነው፤ «ከአልጣሽ ጉድጓድ» ይላል።

«ብረቱ ከዘሩ አልነበረም» አለች ዳግማዊት። «አውድማ ላይ በበሬ ሲበራይ የተጣበቀበት አፈር ነው። ሀብተ ሥላሴ ለማመሳከሪያ የመጨረሻውን የነባሩን ገብስ ናሙና ከዚህ ጉድጓድ ሊወስድ ነበር የመጣው።»

እንግዳው ከረጢቶቹን ብዙ አያቸው። «ስምንት ዓመት» አለ ቀስ ብሎ። «በአንድ ሳፋ ውሃ ሊያጥበው።»

ፖሊሶቹ ይዘውት ወጡ። ዳግማዊት አልጣሽን ይቅርታ ጠይቃ ነፃ መሆኗን ስትነግራት፣ ሴትዮዋ ሄዳ የግቢውን በር ዘጋችና ጀርባዋን አስደግፋ ቆመች።

«ነፃ መሆኔንማ ጠዋትም አውቀው ነበር። ልጁ እውነት ይዞ እንደሞተ፣ ገብሱም ያው ገብስ እንደሆነ ጻፊና አንብቢልኝ። ሳትጽፊ ከዚህ በር አትወጪም፣ ልጄ።»

ዳግማዊት ድንጋይ ላይ ተቀምጣ መጻፍ ጀመረች።