ስፋትና ቁመት

ያን ሰሞን ድካም የቪዲዮ ኤዲተሯ አጥንት ድረስ ዘልቆ ነበር። እቤት ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ ያላቸው እናቷ አሉ። ቢሮ ደግሞ አንዱን የሳሙና ማስታወቂያ ለቴሌቪዥን በአግድሙ፣ ለስልክ በቁመቱ እያለ የሚያሠራት አለቃ አለ። ኮምፒውተሩ ቫይረስ ገብቶበት ከጸዳ ወዲህ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ የምስል ልክ አልተረፈውም፤ ለእያንዳንዱ ሥራ የፍሬሙን ስፋትና ቁመት እየጻፈች የምታስገባው ራሷ ናት።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ዓይኗ እየተከደነ ስፋቱን በቁመቱ ቦታ ጻፈችው። ለስልክ የታሰበው ማስታወቂያ ተጋድሞ፣ ውስጡ ያሉት እናትና አባት ከነልጆቻቸው ከአንገት በላይ ተቆርጠው ወጡ። አለቃዋ ደንበኛ ፊት አምባረቀባት። ወደ ኮምፒውተሩ ዞራ ቁጥሮቹን እንደገና ጻፈች፤ ለመናደድም አቅም ያስፈልጋል።

በማግስቱ ፕሮግራሙን ስትከፍት ልኮቹ ሁሉ ስም ወጥቶላቸው ተደርድረው ጠበቋት። ከሁሉም በላይ ያለው «ለደከማት» ይላል።

ደሟ ፈላ። ይህን የሚያደርገው አዲሱ ግራፊክስ ሠሪ ብቻ ነው፤ አንድ ነገር ከመንካቱ በፊት «ቀስ በሉ» ስለሚል ባልደረቦቹ «ቀስበሉ» ያሉት ሰውዬ።

«አንተ! መድከሜን ለቢሮው ሁሉ መለፈፍ ነበረብህ?»

ጆሮው ድረስ ቀላ። «ኧረ… ስሙን መቀየር ይቻላል…»

«ስለ ስሙ ማን አወራ!»

«አንዱን ስትነኪ ስፋቱም ቁመቱም ራሱ ይገባል። ትናንት ሲጮህብሽ አየሁ። ሌላ ምን ላድርግልሽ? ግራ ገባኝ።»

ወንበሯን ስባ ተቀመጠች። የሚያያት ሰው ያለ አይመስላትም ነበር።

ስሙ ሳይቀየር ቀረ። ምሳቸውን የቢሮው ደረጃ ላይ ተቀምጠው አብረው መብላት ጀመሩ። እሷ አንዳንዴ ጉርሻዋን ሳትውጥ ታንጎላጃለች፤ እሱ እስክትነቃ ዝም ብሎ ይጠብቃታል። አንድ ቀን ስትነቃ ትክ ብሎ ሲያያት ደረሰችበት።

«እንጋባ» አላት፣ እሱ ራሱ የደነገጠ እየመሰለ።

ዓይኗን ሰበረች። «ከዚህ በፊት አንዱ፣ ‹ለእናትሽ ሰው ቅጠሪና ነይ› ብሎኝ ነበር። እኔ እማዬን ጥዬ የትም አልሄድም። እወቀው።»

እሱ ዝም አለ። እሷም የምሳ ዕቃዋን ዘግታ ተነሳች።

«ገባኝ» አለችው።

ከዚያ ወዲያ ደረጃው ላይ አልወጣችም። እሱም በምሳ ሰዓት መጥፋት አበዛ። ይኸው ነው፣ አለች በልቧ፤ ለማልቀስ እንኳ ደከማት።

እሁድ በራቸው ተንኳኳ። ስትከፍት ላብ ያጠመቀው ቀስበሉ ቆሟል።

«ምን ፈልገህ ነው?»

«የእኔ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ነው» አለ እያለከለከ። «ደረጃው ለእማማ አይሆንም። ምድር ቤት ስፈልግ ከረምኩ። ተሽከርካሪ ወንበር በደንብ የሚያስገባ በር ያለው አገኘሁ፤ ራሴ ለክቼዋለሁ።»

«ታዲያ ያን ቀን ምነው ዝም አልክ?»

«እያሰብኩ ነበር እኮ! መቼ ጠበቅሽኝ?»

ከውስጥ የእናቷ ድምፅ መጣ። «ማነው እሱ?»

«የመሥሪያ ቤት ሰው ነው እማዬ።»

«የመሥሪያ ቤት ሰው በር ይለካል እንዴ? አስገቢው እንጂ፣ ምን ትገትሪዋለሽ!»

በዚያው ዓመት ተጋቡና ሦስቱም ምድር ቤቱ ገቡ። ድካሙ አብሯቸው ገባ፤ ሥራውም ያው፣ ሕመሙም ያው ነው።

አንድ ቅዳሜ ቀትር ላይ፣ ሶፋው ላይ ጋደም እንዳለች እናቷ ተጣሩ። እንደ ልማዷ ብድግ ልትል ስትል ባሏ ትከሻዋን በቀስታ ያዛት።

«ተኚ። እኔን ነው የጠሩት።»

እውነትም የተጠራው የእሱ ስም ነበር። ከወዲያኛው ክፍል የሁለቱን ሳቅ ትንሽ አዳመጠች። ከዚያ ጫማዋን አወለቀች፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፣ እንቅልፍም ወሰዳት።