ያልደፈረሰው እጣቢ

የአራተኛውን እንግዳ እግር እያጠብሁ ነበር። ውሃው አልደፈርስ አለኝ።

ይህን ስጽፍ አፍራለሁ። ግን የሆነ ነገር ነው፤ በራሴ ቤት፣ በራሴ እጅ። ቀኑ ታኅሣሥ ሃያ ስድስት፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት፣ ላሊበላ።

ገና ሲቃረብ ቤታችን የመንገደኛ ነው። እናቴ ውባንተ በር ላይ ቆማ ያገኘችውን ታስገባለች፤ እግር የማጥበው እኔ ነኝ። ያን ምሽት ከሙጃ በእግራቸው የመጡት አያ ገብረመስቀል ከባለቤታቸውና ከልጃቸው ከማኅሌት ጋር ገቡ። የሦስቱ እጣቢ ጭቃ ሆነ።

ከኋላቸው ለተቀመጡት ሽማግሌ በሌላ ሳፋ ንጹሕ ውሃ አመጣሁ።

አሸሁ... አሸሁ... ውሃው እንደቀዳሁት ነው።

"ከየት መጡ አባቴ?"

"ከሩቅ።"

እግራቸው እንደ ድንጋይ ይቀዘቅዛል። በፎጣ አደረቅሁላቸው። የራሴ ጭንቀት ነበረብኝ።

ስተኛ ትንፋሼ ይቆማል። አዲስ አበባ ያየኝ ሐኪም በአንድ ሰዓት ውስጥ አርባ ጊዜ እንደሚቆም ነግሮኛል። ለዚህ የተሰጠኝ አየር የሚነፋ ትንሽ ማሽን ነው። ቱቦ አለው፤ አፍንጫ ላይ የሚታሰር ጭምብልም አለው።

አንድ ቀን ጓደኛዬ ሰሎሞን ድንገት ገብቶ ታስሮብኝ አየኝ።

"ደሳለ! ጎማህ ተንፍሶ ነው አየር የምትሞላ?"

ሳምንት ሙሉ ከቤት አልወጣሁም።

ያን ምሽት ልንተኛ ስንል እናቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

"ማሽንህን አድርግ።"

"እንግዳ ፊት?"

"ደሳለ..."

"አላደርግም አልሁሽ! ዛሬ አልተኛም።"

የማሽኑን ካርቶን አልጋ ሥር ገፋሁት።

ያለችን አንድ ክፍል ናት። እንግዶቹ መሬት ላይ፣ እናቴ መደብ ላይ ተኙ። እኔ አልጋዬ ላይ ግድግዳ ተደግፌ ተቀመጥሁ። መብራቱን አጠፋሁ። እንቅልፍ እንዳይወስደኝ ክንዴን እቆነጥጥ ነበር።

ወሰደኝ።

ያነቃኝ ዝምታው ነው።

አምስት ሰው በተኛበት ቤት ማንም አይተነፍስም። ማንኮራፋት የለም... ሳል የለም... "እማ" ልል አፌን ከፈትሁ።

የእኔም ትንፋሽ የለም።

ከዚያ ደረቴ የተሰነጠቀ መሰለኝና አየር ገባኝ። በዚያችው ቅጽበት ቤቱ በሙሉ አብሮኝ ተነፈሰ። በአንድ ላይ።

ሕልም ነው ብዬ ትንፋሼን ያዝሁ።

ቆሙ።

ለቀቅሁት። መሬት ላይ ያሉት ቀጠሉ...

ከመደቡ ግን ድምፅ አልመጣም።

"ማሽኑ የት አለ?"

ሽማግሌው ናቸው። ጨለማው ውስጥ ቁጭ ብለዋል።

"የምን ማሽን?"

እንዲህ ነው ያልሁት። በዚያች ሰዓት እንኳ ካድሁ።

"አንተ አፍረህ፣ እሷ ለምን ትታፈን?"

የስልኬን መብራት ወደ መደቡ አበራሁ። የእናቴ ከንፈር ጠቁሯል። ዓይኗ በግማሽ ተከፍቷል።

እውነቱን ልናገር። ያኔ እንኳ መጀመሪያ ያየሁት እንግዶቹ ነቅተው እንደሆነ ነው። እናቴ አየር አጥታ፣ እኔ ማኅሌት ታየኝ ይሆን ብዬ መብራቱን ወደ እሷ አዞርሁት።

ካርቶኑን የጎተትሁት ከዚያ በኋላ ነው።

ጭምብሉን አሰርሁ። ማሽኑ ሽሽሽ... አለ። አየሩ በአፍንጫዬ ገባ። አንዴ ተነፈስሁ... ሁለቴ... ሦስቴ...

በአራተኛው እናቴ በረጅሙ አየር ሳበች።

እስኪነጋ አላወለቅሁትም።

ጠዋት ማኅሌት ሳቀች። "ወንድምዓለም፣ ዝናብ መስሎኝ ደጅ ያሰጣሁትን ነጠላ ላስገባ ልነሣ ነበር!"

"እኔስ እንዲህ ያለ እንቅልፍ ተኝቼ አላውቅም" አሉ አባቷ፣ ማሽኑን እያዩ። ሌላ ነገር አልጠየቁም። ጫማቸውን ማሰር ቀጠሉ።

ይኸው ነበር። ያን ሁሉ የፈራሁት።

"አራተኛው አባትስ ወጡ?" አልኋቸው።

"የቱ አባት፣ ልጄ? እኛ ሦስት ነን።"

ወደ እናቴ ዞርሁ። ጉሮሮዋን በእጇ እየዳበሰች ነበር።

"እኔማ ያን ሁለተኛ ሳፋ ለማን ነው ያመጣኸው ልልህ ነበር" አለችኝ ቀስ ብላ። "ደግሞ ጎንበስ ብለህ ስታወራ..."

እናቴ የእንግዳ እጣቢ በጨለማ አታስደፋም። ስለዚህ ሁለቱም ሳፋዎች ደጃፍ ላይ አድረዋል። ወጣሁ። የአንደኛው ጭቃ ወደ ታች ዘቅጧል።

የሁለተኛው እንደጠራ ነው። ጣቴን ነከርሁበት። ቀዝቃዛ ነው።

ግን ከላዩ፣ ብርድ ላይ ከቆመ ሰው አፍ እንደሚወጣው፣ እንፋሎት ወጣ... ቆመ።

ቆጠርሁ። አሥር... ሃያ... ሠላሳ... አርባ...

እንደገና ወጣ።

ሁለቱንም ግንቡ ሥር ደፋሁ። ሳፋዎቹን አጣጥቤ በአፋቸው ደፍቼ አስቀመጥኋቸው። ከዚያ ጭምብሉን አምጥቼ በለብታ ውሃና በሳሙና አጠብሁት፤ መንገደኛው ሁሉ በሚያየው በደጃፋችን ምስማር ላይ ሰቀልሁትና ገባሁ።